ልጁ ነው የከበደኝ ወይስ አንቀልባው?

«ሰላም እህት እንዴት ነሽ። የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ከወለድኩ 10 ሳምንት ሆነኝ። ልጄ ጤነኛ ነው፣ 5 ኪሎ ተኩል ገብቷል፣ ግን ካልታቀፈ አይሆንለትም፣ ጀርባው አልጋ ሲነካ ይነቃል። እጄ ሲዝል በስጦታ የመጣልኝን አንቀልባ አወጣሁት፣ የወገብ ቀበቶና ሁለት ማንገቻ ያለው ዓይነት ነው። 20 ደቂቃ ሳይሞላኝ ትከሻዬ ይቃጠላል፣ ወገቤ ሊቆረጥ ይደርሳል፣ ልጁም ወደታች እየወረደ እግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንዷ ጓደኛዬ የሚለጠጠውን ራፕ (ሰውነት ላይ የሚጠመጠመውን ረጅም ጨርቅ) ግዢ ትለኛለች፣ ሌላዋ ባለ ቀለበቱን ስሊንግ (አንድ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውን ማዘያ)። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ውጪ አዙረን እንዘለው ይላል፣ እናቴ ደግሞ ልጅ የሚታዘለው በጀርባ ነው ብላ ትስቅብናለች። የቱን ልስማ? ደሞ ቀኑን ሙሉ ታቅፌው እየዋልኩ አላበላሸውም ወይ?»

እህቴ በመጀመሪያ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ደብዳቤሽን ትከሻዬን እያሸሁ ነው ያነበብኩት፣ የመጀመሪያ ልጄ ጊዜ እኔም ልክ እንዳንቺ ነበርኩ፣ እሱን ቆይቼ አወራሻለሁ።

መጨረሻ ላይ ከጠየቅሽኝ ልጀምር፣ እሱ ካልተመለሰ ስለ ቀበቶና ማንገቻ ብለፈልፍልሽ ጥቅም የለውም፣ ጥፋተኛ የሆንሽ እየመሰለሽ ነው ምታዝይው። አይበላሽም። የ10 ሳምንት ልጅ ተንኮል የሚባል ነገር ገና አያውቅም፣ ሆድሽ ውስጥ ሆኖ ስትራመጂ እየተወዛወዘ የልብሽን ምት እየሰማ የኖረ ልጅ ጭጭ ያለ አልጋ ላይ ስታጋድሚው ቢጮህ ምን ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞንትሪያል ውስጥ ሀንዚከርና ባር የሚባሉ ተመራማሪዎች እናቶችን ለሁለት ከፍለው አንደኛውን ቡድን በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት ልጃችሁን ያዙ፣ ሲያለቅስ ብቻ ሳይሆን ዝም ብሎም እያለ ያዙት አሏቸው። ልጆቹ 6 ሳምንት ሲሆናቸው፣ ያው ለቅሶ ጣራ ሚነካበት ጊዜ ነው፣ ብዙ የተያዙት ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ፣ አመሻሽ ላይ ደሞ በ51 በመቶ። ግን ልንገርሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ባርና ባልደረቦቹ ኮሊክ ያለባቸው (ጤነኛ ሆነው ያለ ግልፅ ምክንያት ለሰዓታት የሚያለቅሱ) ህፃናት ላይ ይሄንኑ ሲሞክሩት ለውጥ አላመጣም። ስለዚ ልጅሽ ታዝሎም አንዳንዴ ቢያለቅስ አንቺ ስላላወቅሽበት አይደለም፣ አንቀልባ መድኃኒት አይደለም በቃ።

አሁን ወደ ትከሻሽ እንምጣ። ምክሬ አጭር ነው፣ አትግዢ። ቢያንስ ለሚቀጥለው አንድ ሳምንት ምንም አትግዢ።

እኔ የመጀመሪያዬን 2 ወር ሙሉ ቀበቶውን ሱሪ እንደምታጠቅ ዳሌዬ ላይ እያሰርኩ ነው ያዘልኩት፣ ልጁ እምብርቴ ጋ ይወዛወዛል፣ እኔ ወደኋላ ተለጥጬ እንደ እርጉዝ ነው ምሄደው፣ ማታ ማታ ወገቤን ይዤ አለቅሳለሁ፣ ከዛ አንቀልባ ለኔ አይሆንም ብዬ ወረወርኩት። አንድ ቀን ወረፋ ስጠብቅ አንዲት የማላውቃት ሴት «ይቅርታ ላስተካክልልሽ?» ብላ ቀበቶውን ወደላይ ሳበችው፣ ማንገቻውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው፣ ልጄ ደረቴ ላይ ልጥፍ አለ፣ ክብደቱ የሆነ ቦታ ሄደ። ያው አንቀልባ ነው፣ ያው ልጅ ነው! በጣም ነው የተናደድኩት፣ 2 ወር ሙሉ በከንቱ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ስትይዢውና እጅሽን ዘርግተሽ ስትይዢው ውሃው እኩል ነው፣ ግን የተዘረጋው እጅ በደቂቃ ይንቀጠቀጣል። ልጁም እንደዛ ነው፣ ከሰውነትሽ በራቀና በወረደ ቁጥር ወገብሽ ወደኋላ እየጎተተ ሚዛን ሊጠብቅ ይታገላል፣ ትከሻሽም እየተጎተተ ይውላል። ስለዚ ከፍ ማለትና መጠጋት፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ነው ሚመጣው።

እንዲ አርገሽ ሞክሪው፣ መጀመሪያ ቀን አልጋ አጠገብ ቆመሽ፣ ልጁ ጠግቦ ደስ ብሎት እያለ፣ እያለቀሰ አትጀምሪ ሁለታችሁም ትጠላላችሁ። ቀበቶውን ከእምብርትሽ በላይ፣ ልጁ ገና ትንሽ ስለሆነ እንደውም ከጡትሽ ስር ቀረብ አርገሽ እሰሪው፣ ይሄ ላንቺ ሁለት ጥቅም አለው፣ ልጁም ከፍ ይላል ቀበቶውም ስፌትሽ ላይ አያርፍም። ዙሪያውን እኩል ይሁን፣ ከፊት ወርዶ ከኋላ የወጣ ከሆነ ላልቷል ማለት ነው። ከዛ ልጁን ደረትሽ ላይ አርገሽ ቂጡን ወደታች ጉልበቱን ወደላይ ቀስ አርገሽ አስተካክይው፣ ቁጢጥ እንዳለ ሰው ወይ እንደ እንቁራሪት። ማንገቻውን ስታጠብቂ ደሞ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚ ጋ ነው፣ የልጁ ክብደት እንደተንጠለጠለ ገመዱን ይስባል፣ ገመዱ አይሳብም፣ በቃ ጠብቋል ብሎ ይተወዋል። በአንድ እጅሽ ቂጡን ከስር ደግፈሽ ከፍ አርጊውና ክብደቱ ከጨርቁ ላይ ሲነሳ ነው በሌላኛው እጅሽ ምትስቢው። ከኋላ ሁለቱን ማንገቻ የምታያይዘው አጭር ማሰሪያ በሁለቱ ብራኳዎችሽ መሀል ትሁን፣ አንገትሽ ስር ከሆነች የትከሻ ቃጠሎሽ ግማሹ ከሷ ነው። አንዳንዱ አንቀልባ ማንገቻውን ጀርባ ላይ አመሳቅሎ ማሰር ይፈቅዳል፣ ትከሻ ጠባብ ከሆንሽ ያንን ሞክሪ፣ ለኔ የተመቸኝ እሱ ነው።

ከጨረስሽ በኋላ በእጅሽ ደግፈሽ ትንሽ ወደፊት ጎንበስ በይ፣ ልጁ ከደረትሽ ከተለየ ገና ላላ ነው። አንገትሽን ዝቅ ስታረጊ አናቱን መሳም ካልቻልሽ ደሞ ዝቅ ብሏል።

እግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል ያልሽኝ ግን የማጥበቅ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ መቀመጫው ጠባብ የሆነ አንቀልባ አለ፣ ጨርቁ ልጁን ብልቱ ጋ ብቻ ይዞት ጭኑ በሙሉ አየር ላይ የሚቀርበት። ዓለም አቀፉ የሂፕ ዲስፕሌዢያ (የዳሌ መገጣጠሚያ በደንብ አለመግጠም) ኢንስቲትዩት የሚመክረው ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት ጀርባ እስከ ሌላኛው ጉልበት ጀርባ ጭኑን እንዲደግፍና ጉልበቱ ከቂጡ ትንሽ ከፍ እንዲል ነው፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የዳሌ መገጣጠሚያው ገና ለስላሳ ስለሆነ። እዚ ላይ እንዳትደነግጪ፣ ጤነኛ ዳሌ ያለው ልጅ ጠባብ አንቀልባ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ስለቆየ ዳሌው ወለቀ ማለት አይደለም፣ ግን ላንቺም ቢሆን እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ነው ሚከብድሽ ምክንያቱም ወደታች ይጎተታል። የጠባቡ መፍትሄ ምን መሰለሽ፣ ቀበቶውን ካሰርሽ በኋላ አንድ ረጅም ሻርፕ ከቂጡ ስር አሳልፈሽ ከጉልበት እስከ ጉልበት ዘርግተሽ ወገብሽ ላይ ማሰር፣ መቀመጫው ይሰፋል። እሱን አርገሽ ከተመቸሽ አዲስ መግዛቱንም ትረሺዋለሽ። ደሞ እግሩ የተሸፈነ ቱታ ስታለብሺው ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ቁጢጥ ሲል ጨርቁ ጣቶቹን ይስብበታል።

አሁን ስለ ምቾት ማውራቴን ላቁምና ቀልድ የሌለበትን ነገር ልንገርሽ። ያንቺ ልጅ ገና 4 ወር አልሞላውም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከዛ በፊት በነበሩት 20 ዓመታት ከስሊንግ ጋር የተያያዘ ቢያንስ 14 የህፃናት ሞት እንዳገኘ ተናግሯል፣ 12ቱ ከ4 ወር በታች ነበሩ። ያኔ ብዙ የተወራበት እንደ ከረጢት ጎድጎድ ብሎ ልጁ ውስጡ እንደ እንግሊዝኛው ፊደል C ጎብጦ የሚተኛበት ዓይነት ነው። አንገቱ ገና አልጠናም፣ አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ የአየር መተላለፊያው እንደታጠፈ ስትሮ ይዘጋል፣ ወይ ጨርቁ ወይ የራስሽ ሰውነት አፍንጫውን ይሸፍነዋል፣ እና አያለቅስም እኮ፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው ሚሆነው፣ ለዛ ነው ተኝቷል ብሎ መተው የማይቻለው። እንግሊዝ ውስጥ የስሊንግ አምራቾችና ባለሙያዎች ቲክስ (TICKS፣ የአምስት የእንግሊዝኛ ምክሮች መነሻ ፊደል) ብለው ያወጡት 5 ነጥብ አለ፣ እኔ በራሴ ቋንቋ ስለው ጠበቅ ይበል፣ ፊቱ ሁሌ ይታይሽ፣ ለመሳም ይድረስሽ፣ አገጩ ከደረቱ ይራቅ (አንድ ወይ ሁለት ጣት ከስር ማስገባት ከቻልሽ በቂ ነው)፣ ጀርባው ተደግፎ አይጣመም። አዝለሽው ካጠባሽው ደሞ ጠብቶ ሲጨርስ ወደነበረበት ከፍታ መልሺው፣ ጡት ጋ ዝቅ እንዳለ እንዲተኛ አትተይው። ያለጊዜው የተወለደ ወይ ክብደቱ ያነሰ ወይ ሲተነፍስ ሚቸገር ልጅ ያላችሁ ሌሎች እናቶች ይሄን ካነበባችሁ ከማዘላችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ባለቤትሽ። ፊቱን ወደ ውጪ ይዙር የሚለው አሁን አይሆንም፣ ልጁ አንገቱን በደንብ እስኪችልና 5 ወይ 6 ወር አካባቢ እስኪገባ ይጠብቅ፣ አንቀልባውም ለሱ የተሰራ መሆን አለበት። ያኔም ለአጭር ጊዜ ነው፣ እንቅልፍ ሲመጣው ወደ ውስጥ ትመልሱታላችሁ፣ ጭንቅላቱን ሚያስደግፍበት የለማ፣ ደሞ ሰው ሁሉ እያየው ብርሃኑ ጫጫታው ሲበዛበት ፊቱን ሚደብቅበት ያጣል። እና ልንገርሽ፣ ወደ ውጪ የዞረ ልጅ ለተሸካሚው ይከብዳል፣ ክብደቱ ወደፊት ስለሚያጋድል። ወገቤ ሊቆረጥ ነው እያለች ላለች ሚስት ይሄን ማቅረብ… ተይው በቃ፣ ራሱ ይሞክረው።

እናትሽ ግን አትሳሳትም፣ ጊዜው ገና ነው እንጂ። ለረጅም መንገድና ለከባድ ልጅ ከጀርባ ሚሻል የለም፣ እጅሽ ነፃ ነው፣ እግርሽን ታያለሽ፣ ሚዛንሽ አይናጋም። ባለ ቀበቶ አንቀልባ ላይ ግን ብዙዎቹ አምራቾች ከ6 ወር አካባቢ በኋላ አንገቱን ሙሉ ለሙሉ ሲችል ነው ሚሉት፣ ምክንያቱም ጀርባሽ ላይ ሆኖ ፊቱን አታዪውም። ለእናትሽ ደሞ አንድ ወሬ ንገሪያት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ ቶጎ ስትሰራ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ ጀርባቸው ላይ አዝለው ሲውሉ አይታ፣ አገሯ ስትመለስ በራሷ ልጅ ሞከረችው፣ ልጇ እየተንሸራተተች ስላስቸገረቻት ከእናቷ ጋር ሆነው እየሰፉ እየቀደዱ ስናግሊ የሚባለውን አንቀልባ ሰሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ፓተንት (የፈጠራ መብት) አገኘ። ፋብሪካ የሚያመርተው አንቀልባ ዘሩ ሲቆጠር እናትሽ ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው።

እሺ አስተካክለሽም ካልሆነ፣ ሻርፑም ካልረዳ፣ ያኔ ምን ትገዢ?

የሚለጠጠው ራፕ ወደ 5 ሜትር ሚሆን ረጅም ጨርቅ ነው፣ ላስቲክነት ያለው፣ መጀመሪያ ራስሽ ላይ ታስሪውና ልጁን ውስጡ ታስገቢዋለሽ። ለአራስ እንደሱ ሚያቅፍ የለም፣ እውነት ነው ጓደኛሽ ያለችሽ፣ ቀበቶ ስለሌለው ለስፌትሽም ይቀላል። ችግሩ መለጠጡ ራሱ ነው፣ ልጁ 7 ወይ 8 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ለብዙ ሰው እየወረደ እየላላ ያስቸግራል፣ ያንቺ ደሞ 5 ተኩል ገብቷል፣ ስለዚ ምናልባት ጥቂት ወራት ነው ምትጠቀሚበት። ደሞ በጀርባ አይታዘልበትም ስለሚለጠጥ ልጁ ተንፈራግጦ ይወጣል። ሚያውስሽ ሰው ካለ ተዋሺው፣ ለመግዛት ግን ትንሽ የዘገየሽ ይመስለኛል።

ባለ ቀለበቱ ስሊንግ አንድ ትከሻ ላይ ነው ሚውለው፣ ጨርቁ በሁለት ቀለበት መሀል አልፎ ይጠብቃል። ቶሎ ታስገቢና ቶሎ ታወጪ፣ ቤት ውስጥ ለመንጎራደድ፣ በኋላ መቀመጥ ሲችል ጎንሽ ላይ አርገሽ ውረጂ ውጪ ለሚልሽ ልጅ ወርቅ ነው። ግን ክብደቱን አንድ ትከሻ ብቻ ነው ሚሸከመው፣ ላንቺ አሁን ትከሻዬ ተቃጠለ ለምትዪው የመጀመሪያ ምርጫ አላረገውም። ከወሰድሽ ጨርቁን ትከሻሽ ላይ ዘርግተሽ እስከ ክንድሽ ጫፍ አልብሺው፣ አንገትሽ ስር እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ይቆርጥሻል፣ በየቀኑም ትከሻ ቀይሪ።

ማይለጠጠው የተሸመነ ራፕ ደሞ ከሁሉም ረጅም ዕድሜ አለው፣ ከአራስ እስከ ሚሮጥ ልጅ፣ በፊት በጎን በጀርባ፣ ክብደቱንም እንደሱ ሚያሰራጭ የለም። ግን መልመድ አለው፣ መጀመሪያ ሳምንት በመስታወት ፊት ላብ በላብ ሆነሽ ነው ምታስሪው። ትዕግስት ካለሽ ውሰጂው፣ እኔ አልነበረኝም።

ላንቺ እኔ ምመርጥልሽ አሁን እንዳለሽ ዓይነት ባለ ቀበቶ ሆኖ መቀመጫው የሚሰፋና የሚጠብ፣ ከልጁ ጋር ሚያድግ ነው። ክብደቱን ከትከሻ ወደ ወገብና ዳሌ ያወርድልሻል፣ ባልሽም ሲቀበልሽ ማንገቻውን አርዝሞ ያደርገዋል። ስትገዢ ሚፃፈውን ኪሎ አንብቢ፣ ብዙዎቹ ከ3.2 ወይ 3.5 ኪሎ ይጀምሩና 15 ወይ 20 ላይ ያቆማሉ፣ አንዳንዱ ለትንሽ ልጅ ውስጡ ሚገባ ተጨማሪ ትራስ ይጠይቃል፣ ያንቺ ልጅ ያስፈልገው አያስፈልገው ከመመሪያው እዪ። የቀበቶው ስፖንጅ ወፍራም መሆኑ ምቾት ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ አጭር ቁመት ላላት ሴት ሰፊና ጠንካራ ቀበቶ ስትቀመጥ ጎድኗን ይወጋታል። ስለዚ ልጁን ይዘሽ ሂጂ፣ አስገቢው፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ተራመጂ፣ ተቀመጪ፣ ተነሺ፣ ከዛ ያለማንም እርዳታ ከኋላ ያለችውን ማሰሪያ መቆለፍና መፍታት መቻልሽን እዪ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ማን ይቆልፍልሻል። ያገለገለ ከሆነ ስፌቱን በጣት ጎትተሽ፣ መቆለፊያውን ደጋግመሽ ከፍተሽ ዘግተሽ፣ ስሙንና ሞዴሉን ፈልገሽ ከገበያ የተጠራ እንዳልሆነ አረጋግጠሽ ውሰጂ።

አንዳንድ ትንንሽ ነገሮች አሉ። አንቀልባው ራሱ እንደ አንድ ልብስ ነው ሚቆጠረው፣ ያንቺም ሙቀት አለ፣ ደራርበሽ አታልብሺው፣ ማጅራቱን ነክተሽ ላብ ካለው አንድ ቀንሺ። ዕቃ ስታነሺ በወገብ ሳይሆን በጉልበት ዝቅ በይ፣ በአንድ እጅ ጭንቅላቱን ደግፈሽ። ምድጃ ላይ፣ ትኩስ ነገር ስትጠጪ፣ ብስክሌት ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ አይታዘልም።

ስለ ራስሽ ሰውነት ደሞ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ 10 ሳምንት ብዙ ይመስላል እንጂ ሆድሽ ገና እየጠገነ ነው። በ10 እና 15 ደቂቃ ጀምረሽ በየቀኑ ጨምሪ። ስፌቱ ካመመሽ፣ ደም ከመጣሽ፣ ወይ ከታች የሆነ ነገር ሚወርድ ሚመስል ክብደት ከተሰማሽ አውልቂውና ያዋለደሽን ሐኪም አናግሪ። የወገብ ህመሙም አንቀልባውን አስተካክለሽ ሳታዝይም ካለ የአንቀልባ ጉዳይ አይደለም፣ ተመርመሪ።

ሰውየሽንም አትርሺው፣ ማታ ማታ ልጁ ሚያለቅስበትን ሰዓት ለሱ ስጪው፣ ወደ ውስጥ አዙሮ። ግን አንድ አንቀልባ ለሁለት ሰው ሲሆን ጠብ አለው፣ እሱ አርዝሞት ይተወዋል አንቺ በላላው ታዝያለሽ፣ እኛ ቤት በዚ ስንት ቀን ተጨቃጭቀናል መሰለሽ። ማንገቻው ላይ ያንቺን ልክ በቀይ ክር የሱን በሰማያዊ ክር ሁለት ሁለት ጊዜ ወጋ ወጋ አርጊበት፣ ማንም ሲያነሳው ክሩ ጋ ድረስ ስቦ ይጀምራል።